በጋው የማን ነበር? የፈረንሳይ ሠራተኛ የ15 ቀን ዕረፍት ታሪክ

የሰው ልጅ ታሪክ የሥራው ታሪክ ስለ መሆኑ ብዙ ተጽፏል። ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ ካበጀበት ዘመን አንሥቶ በእንፋሎትና በኤሌክትሪክ ኃይል መንኮራኩር እስካሽከረከረበት ዘመን ድረስ ያደረገው ጉዞ በየመጻሕፍቱ ተመዝግቧል። የዕረፍቱ ታሪክ ግን እምብዛም አልተነገረለትም። ዕረፍት ከሥራ የተረፈ ቁራጭ ጊዜ ተደርጎ ስለሚታይ፣ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ትግልና የራሱ ሰማዕታት ያሉት መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሆኖም ማን፣ መቼና ለስንት ቀን እንደሚያርፍ፣ ባረፈበትም ቀን የዕለት እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? ይህ ጥያቄ የኅብረተሰብን ውስጠኛ ገጽታ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ነው። ጥያቄው ጎልቶ ከታየባቸው ምዕራፎች አንዱ በ1936 በፈረንሳይ አገር የተፈጸመው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ወራቱ አንድ ቃል ማስቀደም ይገባል። ፈረንሳዮች ለዕረፍት የሚመርጧቸው ሐምሌና ነሐሴ በእነርሱ አገር ፀሐይ የሚደምቅባቸው፣ ቀኑ የሚረዝምባቸው፣ እህል የሚታጨድባቸው የበጋ ወራት ናቸው። በእኛ አገር እነዚያው ወራት ክረምት ናቸው፤ ገበሬው በጭቃና በዝናብ የሚያርስባቸው፣ የሚዘራባቸውና የሚያርምባቸው። ተማሪው «የክረምት ዕረፍት» ሲል አባቱ በማሳው ውስጥ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ ይውላል። እንግዲህ ዕረፍትን የሚወስነው ሰማዩ ብቻ እንዳልሆነ የራሳችን አነጋገር ይመሰክራል። አንዱ ወር ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ድካም ነው።

ከፋብሪካ በፊት የነበረው የአውሮፓ ሠራተኛ ጊዜውን የሚለካው በፀሐይ፣ በወቅትና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። ሥራው ከባድ፣ ኑሮው ዝቅተኛ ቢሆንም የቅዱሳን በዓላት በየወሩ ያሳርፉት ነበር። በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 በዓለ ወልድን የሚያከብር የአገራችን ገበሬ ይህን ሥርዓት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የፓሪስ የእጅ ባለሙያዎች ከዚህም አልፈው እሑድን ጠጥተው ሰኞን ሲያርፉ «ቅዱስ ሰኞ» የሚል ስም አውጥተውለት እንደ ተጨማሪ በዓል ያከብሩት ነበር። ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት በ1793 አዲስ የቀን መቁጠሪያ ሲያውጅ ሳምንቱን ወደ 10 ቀን አራዘመው፤ በ7 ቀን አንድ ጊዜ ያርፍ የነበረው ሕዝብ በ10 ቀን አንድ ጊዜ እንዲያርፍ ተደረገ። ከነገሥታት ቀንበር ነፃ ያወጣው አብዮት በዕረፍት ረገድ ሕዝቡን አጎደለበት ማለት ነው። ያ አቆጣጠር ከ1806 መባቻ ጀምሮ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የፋብሪካ ዘመን ነው። ሐኪሙ ሉዊ ቪለርሜ በ1840 ባሳተመው ጥናት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በቀን እስከ 15 ሰዓት ድረስ በሥራ ላይ እንደሚውሉ ገልጾ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። የሕጉ ክልከላ ራሱ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁኔታ ይናገራል። በ1848 አብዮት ማግሥት በፓሪስ የ10 ሰዓት የሥራ ቀን ታወጀ፤ ነገር ግን አዋጁ ዓመት ሳይሞላው በዚያው በመስከረም ወር ወደ 12 ሰዓት ተመለሰ። በ1880 ደግሞ የእሑድን ዕረፍት ግዴታ ያደርግ የነበረው አሮጌ ሕግ ስለ ተሻረ ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን የማረፍ ዋስትናውንም አጣ።

በዚያው በ1880 ፖል ላፋርግ የተባለው ሶሻሊስት «የስንፍና መብት» የተሰኘ ጽሑፉን በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ላፋርግ በኩባ ደሴት በሳንቲያጎ ከተማ የተወለደ፣ የካርል ማርክስን ልጅ ያገባ ሰው ነው። ጽሑፉ ፌዝ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን ብርቱ ነበር። ማሽኑ የሰውን ድካም የሚቀንስ ከሆነ ማሽን በበዛ ቁጥር ሠራተኛው ይበልጥ የሚደክመው ለምንድነው? ይል ነበር። ሠራተኞች በ1848 «የመሥራት መብት» ብለው መጠየቃቸውን እየነቀፈ፣ በቀን ከ3 ሰዓት የበለጠ መሥራት እንደማያስፈልግ ተከራከረ። ለጊዜው ሰሚ ጆሮ አላገኘም፤ እንዲያውም በራሱ በሠራተኛው ዘንድ ሥራ መፍታት የሚያሳፍር ነገር ነበር።

ኀፍረቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኛ ቋንቋ «ሥራ ፈት» የሚለው ቃል ሥራ ያጣውንም ሥራ የጠላውንም አንድ ላይ ይሰድባል። የፈረንሳይኛው «ሾማዥ» አመጣጥ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የቃሉ ሥር በሙቀት ሰዓት ማረፍ ማለት ነበር፤ ፀሐይ ሲያይል ከጥላ ሥር አረፍ ማለትን ያመለክት ነበር። በፋብሪካው ዘመን ግን ሥራ ማጣት፣ መራብ፣ ኪራይ መክፈል አለመቻል ሆነ። ለቀን ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ማረፍ ማለት አለመብላት ስለ ነበረ የጥላውና የዕረፍቱ ቃል የችግር ቃል ሆኖ ቀረ። የመንግሥት ሹማምንት ግን ከ1853 ጀምሮ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ በዓመት 15 ቀን ያርፉ ነበር። የባሕር ዳር ከተሞችም የመኳንንቱና የከበርቴው ነበሩ። ባሕሩ የሁሉ ቢሆንም ወደ ባሕሩ የሚያደርሰው ጊዜ የጥቂቶች ንብረት ነበር።

የሳምንቱን ዕረፍት ያስመለሰው አንድ ታላቅ አደጋ ነው። መጋቢት 10 ቀን 1906 በሰሜን ፈረንሳይ በኩሪየር የከሰል ማዕድን ጉድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 1,099 ሰዎች አለቁ። አደጋውን ተከትሎ ከተቀጣጠለው አድማ በኋላ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሳምንት ዕረፍት ሕግ ወጣ። የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ደግሞ በ1919 ተፈቀደ። ዳሩ ግን የሰዓቱ ቁጥር ሲቀንስ የሥራው ፍጥነት ጨመረ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ያስፋፋው ዘዴ የሠራተኛውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት መቁጠሪያ ይለካ ነበር። በ1912 እና በ1913 በሬኖ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሠራተኞች ይህን የሰዓት ልኬት በመቃወም አድማ መቱ፤ ተሸነፉም። ቻርሊ ቻፕሊን «ዘመናዊው ጊዜ» በተባለው ፊልሙ ብሎን ሲያጠብቅ ውሎ ከሥራ ሲወጣ እጁ መንቀጥቀጡን ያልተወለትን ሠራተኛ ያሳየን በ1936 መጀመሪያ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 26 እና ግንቦት 3 በተደረገው ምርጫ ሶሻሊስቶች፣ ኮሙኒስቶችና ራዲካሎች የተባበሩበት ሕዝባዊ ግንባር አሸነፈ። የሶሻሊስቱ መሪ ሌዎን ብሉም በወጣትነቱ የቲያትር ሐያሲ የነበረ ሰው ነው። እርሱ ሥልጣን ከመረከቡ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በለሃቭር የአውሮፕላን ፋብሪካ የተጀመረው አድማ አገሩን አዳረሰ። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የአድማው ስልት አዲስ ነበር፤ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው በመሄድ ፈንታ በየፋብሪካው ውስጥ ተቀመጡ። በማሽኖቹ መካከል አኮርዲዮን ተነፋ፣ ተጨፈረ፣ ካርታ ተጫወቱ። ባለቅኔው ዣክ ፕሬቬር የሚጽፍለት «የኦክቶበር ቡድን» የተባለ የተዋንያን ማኅበር በፓሪስ በሠራተኞች በተያዙ ታላላቅ መደብሮች ውስጥ ትርኢቱን አሳየ። ከአንድ ዓመት በፊት በሬኖ ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ፈላስፋ ሲሞን ቬይ በአድማው ሰሞን ወደ ፋብሪካ ተመልሳ ያየችውን ስትጽፍ፣ ዋናው ነገር ደስታ መሆኑን መሰከረች። ርኅራኄ በሌለው የማሽን ጩኸት ምትክ ዘፈንና ሳቅ መስማት፣ አለቃው ሲያልፍ ቀና ብሎ መቆም፣ ይህ ራሱ ለሠራተኛው ታላቅ ነገር ነበር።

ሰኔ 7 ሌሊት በማቲንዮ ቤተ መንግሥት በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት መካከል ስምምነት ተፈረመ፤ ደመወዝ ከ7 እስከ 15 በመቶ ጨመረ። የሚገርመው፣ የደመወዝ ዕረፍት በዚህ ስምምነት ውስጥ አልተጻፈም፤ በሕዝባዊ ግንባር የምርጫ ፕሮግራምም ውስጥ አልነበረም። ጥያቄው ከታች ከየፋብሪካው ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ነው። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ረቂቁን በ563 ድምፅ ድጋፍና በ1 ተቃውሞ አሳለፈው። ሰኔ 20 ቀን 1936 ሕጉ ወጣ። አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሁሉ ደመወዙ ሳይቋረጥ በዓመት 15 ቀን፣ ከነዚህም ውስጥ ቢያንስ 12 የሥራ ቀናት፣ እንዲያርፍ ተደነገገ። በማግሥቱ የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት ሕግ ተከተለ። ፈረንሳይ በዚህ ረገድ የመጀመሪያዋ አልነበረችም፤ ሶቪየት ኅብረት በ1918፣ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮችም ከእርሷ ቀድመው ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። የፈረንሳዩ ታሪክ ልዩ የሚሆነው መብቱ ከአድማው ወለል ላይ በቀጥታ ወደ በጋው ፀሐይ በመሻገሩ ነው።

መብት ግን በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር መብት አይሆንም። ባቡር የሚሳፈርበት ገንዘብ ለሌለው ሰው ባሕሩ በሕግም ቢፈቀድ ሩቅ ነው። ይህን የተረዳው የስፖርትና የመዝናኛ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሌዎ ላግራንዥ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ የባቡር ቲኬት ዋጋ ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ በ40 በመቶ እንዲቀንስ አስደረገ፤ ቲኬቱም በስሙ ተጠራ። በዚያ በጋ ብቻ ከ500,000 በላይ ሰዎች ተጠቀሙበት። የባለሀብቱ ጋዜጦች መሥሪያ ቤቱን «የስንፍና ሚኒስቴር» ብለው ሰደቡት፤ ቆብ የደፉ ሰዎች የባሕሩን ዳርቻ እንዳረከሱት ጻፉ። ስድቡ ከምንም ነገር በላይ እውነቱን ያሳያል። ሰዎቹን ያስቆጣቸው ሠራተኛው ማረፉ ብቻ አልነበረም፤ እነርሱ ባረፉበት ስፍራ ማረፉ ነበር።

ሁሉም ወደ ባሕር ሄደ ማለት አይደለም። ብዙው ሠራተኛ ከቤቱ አልራቀም፤ በአቅራቢያው ካለ ወንዝ ዓሣ አጠመደ፣ የጓሮ አትክልቱን ኰተኰተ፣ ወይም በገጠር ያሉ ወላጆቹን ሊጠይቅ ሄዶ በአጨዳ አገዘ። ሌላው ለሁለት ሰው የሚሆን ብስክሌት ገዝቶ ከእጮኛው ጋር መንገድ ጀመረ። ዕረፍት እንደ ማንኛውም ጥበብ የሚለመድ ነገር ነው፤ በማለዳ የፋብሪካ ፉጨት ሲቀሰቅሰው የኖረ ሰው ያለ ፉጨት መንቃትን መማር አለበት።

ኪነ ጥበብም ይህን አዲስ ነገር ሳያስተውል አላለፈም። ዣን ሬኗር በዚያው በጋ በወንዝ ዳር ያነሣው ፊልም አንድ የፓሪስ ነጋዴ ቤተሰብ በገጠር የሚያሳልፈውን አንድ እሑድ ያሳያል፤ ዝናብ ሥራውን ስላስተጓጐለው ለሕዝብ የታየው በ1946 ነው። በዚያ ፊልም በረዳትነት የሠራው አንሪ ካርትየ ብሬሶን በ1938 በወንዝ ዳር ምሳቸውን የሚበሉ ተራ ሰዎችን ፎቶግራፍ አነሣ። ፊታቸው አይታይም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ውሃውን ይመለከታሉ። ሠዓሊው ፌርናን ሌዤ በ1948 እና በ1949 በሠራው «መዝናኛ» በተባለው ታላቅ ሥዕሉ ላይ ብስክሌት የያዘ የሠራተኛ ቤተሰብን እንደ ጥንት ነገሥታት ቤተሰብ ፊት ለፊት አቁሞ ሣለ። ሮቤር ዷኖ ደግሞ በሬኖ ፋብሪካ ፎቶግራፍ አንሺነት ከ1934 ጀምሮ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ ዘወትር በማርፈዱ ምክንያት በ1939 ተባረረ። ከሰዓቱ ጋር ያልተስማማው ይህ ሰው የፓሪስን ጎዳናና የሕዝቧን ሕይወት በሥዕል ከዘገቡት ታላላቆች አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለሠራተኛው ዕረፍት ያሰቡት የነፃነት ወዳጆች ብቻ አልነበሩም። የጣሊያን ፋሽስቶች ከ1925 ጀምሮ፣ የጀርመን ናዚዎች ከ1933 ጀምሮ የሠራተኛውን ትርፍ ጊዜ የሚመሩ ድርጅቶች አቋቁመው ነበር። ናዚዎች የሠራተኛ ማኅበራትን ካፈረሱ በኋላ በባልቲክ ባሕር ዳር በፕሮራ 20,000 ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ የመዝናኛ ሕንፃ መሥራት የጀመሩት በዚያው በ1936 ነው። ጦርነት ስለ መጣ ሕንፃው ሳያልቅ ቀረ። በዚህ ዓይነት አሠራር ሠራተኛው የሚያርፈው ተሰልፎ፣ ታዝዞና ተጠብቆ ነው። ላግራንዥ በሰኔ 1936 በሬዲዮ ሲናገር የሕዝቡን መዝናኛ እንደ ወታደር ሰልፍ ማሰለፍ እንደማይፈልግ ማስረዳቱ ለዚህ ነበር። የመንግሥት ተግባር በሩን መክፈት ነው፤ የሚገባው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይወስን።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን 1936 ሌላ ስም ያለው ዓመት ነው። ሕዝባዊ ግንባር ምርጫውን ካሸነፈ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 5፣ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 24 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጄኔቫ የደመወዝ ዕረፍት ስምምነትን አጸደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 30፣ በዚያችው ከተማ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። አንዱ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ሌላው ሳይመለስ ቀረ። በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ በሐምሌ አጋማሽ ሲነሣ የብሉም መንግሥትም ከተስማሙት አንዱ ነበር። ሐምሌ 28 አርበኞች በዝናብና በጭቃ ውስጥ ዋና ከተማይቱን ለማስለቀቅ ተዋጉ፤ በማግሥቱ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። የፈረንሳይ ሠራተኛ የመጀመሪያ በጋውን ሊያጣጥም ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከክረምቶቹ ሁሉ የከፋውን ክረምት ይገፋ ነበር። ይህን የምናነሣው የፈረንሳይን ሠራተኛ ለመክሰስ አይደለም። አንድ ሕዝብ በሰላም የሚያርፍበት መብትና ሌላው በነፃነት የሚኖርበት መብት ተለያይተው ሲታዩ ሁለቱም እንደሚላሉ ለማስታወስ ነው።

ይህም ብዙ ሳይቆይ ታየ። የ40 ሰዓቱ ሳምንት በኅዳር 1938 በወጡ ድንጋጌዎች ተሸረሸረ፤ የተቃውሞው አድማም ከሸፈ። በሰኔ 1940 የናዚ ጦር ሲገፋ፣ ከአራት ዓመት በፊት ብስክሌተኞች በዘፈን የተጓዙባቸው መንገዶች ጓዛቸውን በጫኑ ስደተኞች ተጨናነቁ። ላግራንዥ በዚያው ወር በጦር ሜዳ ወደቀ። ብሉም በ1942 በሪዮም ከተማ ለፍርድ ሲቀርብ ከክሶቹ አንዱ የሥራ ሰዓትን በመቀነስ አገሪቱን አዳክሟል የሚል ነበር። እርሱ ግን አላፈረም፤ ከቢሮው ወጥቶ በከተማው ዳርቻ ሲያልፍ በየመንገዱ የሚጓዙትን ባለ ብስክሌት ባልና ሚስቶች ባየ ጊዜ፣ በከባድና ጨለማ ኑሮ ውስጥ ጥቂት ብርሃን ማስገባቱን እንደ ተረዳ ለዳኞቹ ተናገረ። 15ቱ ቀናት ግን ወረራውንም ችሎቱንም ተሻግረው ኖሩ። ዕረፍቱ በ1956 ሦስት ሳምንት፣ በ1969 አራት ሳምንት፣ በ1982 አምስት ሳምንት ሆነ። የቀመሰ ሕዝብ ወደ ኋላ አይመለስም።

የዚህ ታሪክ ጅረት ወደ እኛም ደርሷል። በ1960 የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ሕጉም የሥራ ውልንና የዓመት ዕረፍትን ይጨምር ነበር። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የዕረፍት፣ የመዝናኛና ከክፍያ ጋር በየጊዜው የሚሰጥ ፈቃድ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ነገር ግን ይህ አዋጅ በግል ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉትን በቀጥታ አያቅፍም፤ የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ደንብ እንዲታይ የተተወ ነው። ማለዳ እሳት አንድዳ ሌሊት ዕቃ አጥባ የምትተኛ የቤት ሠራተኛ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በዐረብ አገሮች፣ የዓመት ዕረፍቷ ስንት ቀን ነው? የቀን ሥራ ፍለጋ ጎዳና ላይ የሚቆመውስ ወጣት? ለእርሱ ዛሬም ያልተሠራበት ቀን ያልተበላበት ቀን ነው። የድሮው «ሾማዥ» በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ውስጥ ይኖራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጐልቶ የሚታየው፣ ሥራን የማዘግየት መብት ሥራን ከመውደድ ጋር የማይጣላ መሆኑ ነው። በ1936 ሥራ ያቆሙት ሰዎች ማሽኖቹን አልሰበሩም፤ አድማው በቆየበት ጊዜ ዘይት እየቀቡ ጠብቀዋቸዋል። የጠየቁት በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን እነርሱ ማሽኑን ሳይሆን ማሽኑ እነርሱን እንዲጠብቅ ነበር። በእኛም ዘንድ ዓመት ሲለወጥ «ለከርሞ ሰው ይበለን» እንባባላለን። ሰው መባል ደግሞ ሠርቶ ከመኖር ሌላ ልጅን አዝሎ ወንዝ ዳር መቀመጥን፣ ከዘመድ ጋር ቡና አፍልቶ መጫወትን፣ ሰማዩ ሲጠራ ቀና ብሎ ማየትን ይጨምራል። ይህን ማንም በችሮታ አልሰጠም። የተገኘው ሰዎች በኅብረት ቆመው ስለ ጠየቁት ነው፤ ያልደረሳቸውም ሰዎች የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው።